አክስቴ ልትናፈስ ወጣች

አክስቴ ከዘጌ በጀልባ መጣች፤ የምትሸጠውን ቡና በፌስታል ቋጥራ። ባሕር ዳር በመጣች ቁጥር ገበያ ደርሳ ትመለሳለች እንጂ ሌላ ቦታ አታውቅም።

«ዛሬስ መናፈሻ ሳልወስድሽ አትሄጂም» አልኳት።

«ምን አለ እዚያ?»

«ዛፍ አለ። ሐይቅ ይታያል።»

ዝም ብላ አየችኝ። ዘጌ እኮ ጣና በሦስት ጎን የከበበው ጫካ ነው። የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በግዝት ከልክለዋል ተብሎ መሬት አይታረስም፣ በሬ አይጠመድም፣ ዛፉም እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚያ ጫካ ወጥታ ሐይቁን አቋርጣ የመጣችን ሴት ነው እንግዲህ ዛፍና ውኃ ላሳያት ባጃጅ የተኮናተርኩት።

ምን ላድርግ፣ ከተሜ ነኝ። በዘንባባችን እንኮራለን። ጣናም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው እያልን እንግዳ እናስደንቃለን። በነፃ የሚታየን ግን በሁለት አጥር መሐል ያለችው ቁራጭ ናት።

አንድ ዋርካ ሥር ፕላስቲክ ወንበር አገኘን። ገና ሳንደላደል አስተናጋጇ ደረሰች።

«ምን ልታዘዝ?»

«አየር ልንወስድ ነው።»

«ወንበሩ ለተጠቃሚ ነው።»

ሁለት ቡና አዘዝኩ። አክስቴ ወንበሩን ስላልወደደችው ነጠላዋን ሣሩ ላይ ልታነጥፍ ስትል ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ።

«እናቴ፣ ሣር መርገጥ ክልክል ነው!»

«እኛ ዘንድ ዛፍ መቁረጥ ነው ክልክል። ሣሩን ለማን ነው የምታስቀምጡት? ከብት እንኳ የላችሁ!»

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 ለባሕር ዳር የሰላም ከተማ ሽልማት ሲሰጣት ጥበቃውና አክስቴ አልተገናኙም ነበር።

ከፊታችን ጥንዶች ጃንጥላ ዘርግተዋል። ፀሐይ የለም፣ ዝናብም የለም። ጃንጥላው የዞረው ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ መንገዱ ነው። ባሕር ዳር ላይ ፍቅረኛ የሚፈራው ዝናብ አይደለም፤ ከሥራ የሚመለስ አጎት ነው። አክስቴ አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ስትል ጃንጥላው አንድ ስንዝር ዝቅ አለ።

ቡናው መጣ። ፉት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«አሯል። ስንት ነው?»

ዋጋውን ግማሽ አድርጌ ነገርኳት። እንዲያም ሆኖ አማተበች። ወዲያው ልጅቷን ጠርታ ፌስታሏን ፈታች። አንድ ጭብጥ ዘግና አሸተተቻት።

«ቡና ማለት ይሄ ነው። ስንት ትወስጃለሽ?»

ልጅቷ ዋጋ ጠራች። አክስቴ ሳቀች።

«አንዱን ሲኒ ስንት እየሸጥሽ ነው እንዲህ የምትይኝ?»

ልጅቷም ሳትጠረጥር እውነተኛውን ዋጋ ነገረቻት። አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሐይቁን ማየት ጀመርኩ፤ አንዲት ሻላ ውኃው ላይ ትንሳፈፋለች።

ከዚያ በኋላ ድርድሩ አልቆየም። በሲኒ አስልታ፣ በኪሎ አስከፍላ፣ ፌስታሉን ባዶ አደረገችው። ገበያ መሄዱም ቀረ። የሁለቱን ቡና ሂሳብ እኔ ከፈልኩ፣ የባጃጁንም።

ወደብ ላይ ጀልባው ሊነሣ ሲል ብሯን መቀነቷ ውስጥ እየቋጠረች፣

«ደህና ቦታ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜም ታናፍሰኛለህ።»