ማስተካከያ፦ «ውዳሴ» ከ«ወደደ» የተገኘ ቃል አይደለም

ስለ ምስጋና ቃላት ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ «ውዳሴ» የሚለው ቃል «ወደደ» ከሚለው ግስ እንደተገኘና መነሻ ትርጉሙም ፍቅርን በአደባባይ መግለጽ እንደሆነ ጽፌ ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ አንባቢዎቼን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ውዳሴ» የግእዝ ቃል ሲሆን የተገኘው «ወደሰ»፣ ማለትም «አመሰገነ፣ አሞገሰ» ከሚለው ግስ ነው። ሁለቱ ግሶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ቢመሳሰሉም ሦስተኛው ፊደል በአንደኛው «ሰ»፣ በሌላው «ደ» መሆኑ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ያሳያል፤ እኔም የተሳሳትሁት ይህችን አንዲት ፊደል ችላ ብዬ በድምፅ መቀራረብ ብቻ በመፍረዴ ነው። የስሙ አወጣጥም ቢሆን ግልጽ ነበር፤ ከ«ቀደሰ» «ቅዳሴ»፣ ከ«ዘመረ» «ዝማሬ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ወደሰ»ም «ውዳሴ» ይወጣል። «መወድስ» የተባለው ባለ 8 ቤት የግእዝ ቅኔ ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው።

አዘውትረን የምንጠቀምበት «ውዳሴ ከንቱ» የሚለው ሐረግ ራሱ ባዶ ሙገሳን እንጂ ከንቱ ፍቅርን አያመለክትም። ይህን አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ባልደረሰ ነበር።

በዚያው ጽሑፍ «ምስጋና»ንና «ውዳሴ»ን ፍጹም አንድ አድርጌ ማቅረቤም መታረም አለበት። ምስጋና ስለተደረገልን ውለታ ለባለውለታው ለብቻው ልንነግረው የምንችለው ነው፤ ውዳሴ ግን ምንም ውለታ ባይኖርም የተወዳሹን መልካምነት ከፍ አድርጎ መናገር ነው።