«ንቀለውና አዲሱን ክተት» ለምትሉን ሁሉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርቨር (የመሥሪያ ቤቱን መረጃ በዲስኮቹ የሚይዘው ኮምፒውተር) ክፍል ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ትእዛዝ ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም፦ «አንተ ልጅ፣ የተበላሸውን ዲስክ ንቀልና አዲሱን ክተት፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ትእዛዙን የሚሰጡን ኃላፊዎች ሥራውን አምፖል ከመቀየር ለይተው አያዩትም። አምፖል ሲቀየር ቢሰበር ግን የሠራተኛው ሁሉ የደመወዝ መዝገብ አብሮ አይጠፋም።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ያሉት ሰርቨሮች ዲስኮቻቸውን በሬይድ 5፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራ ዘዴ፣ ያያያዙ ናቸው። ሬይድ የሚለውን አሠራር ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ካስተዋወቁት ወዲህ ዓለም ሲጠቀምበት ኖሯል። በሬይድ 5 ከዲስኮቹ አንዱ ቢሞት የቀሩት በያዙት ስሌት የጎደለውን መልሶ ማውጣት ይቻላል። አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ሞቶ ሳለ ደህናውን የነቀለ ሰው ሰርቨሩን በገዛ እጁ አቆመው ማለት ነው። በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የሆነው ይኸው ነው፤ ሲስተሙ «ዲስክ 2 ተበላሽቷል» ሲል፣ ለጥገና የተላከው ባለሙያ ከግራ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረና ሁለተኛውን ሳበው። ያ ሰርቨር የሚቆጥረው ከዜሮ ነበር። ከመንቀሉ በፊት የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር በመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ቢያነብና የዚያኑ ዲስክ መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል ቢያዝ ኖሮ ጥቂት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ኃላፊው ከኋላው ቆመው «ቶሎ በል» ይሉት ነበር።

ሌላው የሚያናድደኝ የብርዱ ነገር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር በእኛ አገር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው፤ ሰውም የሱፍ ሹራብ ደርቦ፣ አንዳንዱም የመንዝ በርኖስ ጭምር ለብሶ ወደ ሰርቨር ክፍል ይገባል። ደረቅ አየርና ሱፍ ሲገናኙ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ እኛ የምናውቀው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስና ጣታችንን ሲቆነጥጠን ነው፤ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነውም ይጎዳሉ። ጉዳቱም ሁልጊዜ በዕለቱ አይታይም። ይህን የሚከላከለው፣ ከመሬት ሽቦ ጋር የሚያያዘው የእጅ ማሰሪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲጠየቅ ግን ግዥ ክፍል የሚሰጠው መልስ «የእጅ ጌጥ በመንግሥት በጀት አይገዛም» የሚል ሳቅ ነው። ሜሞሪ ወይም ቦርድ የሚቀየር ከሆነማ ሰርቨሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሁለት የኃይል መስጫ ስላላቸው ሁለቱም ገመድ መነቀል አለበት። አንዱን ነቅሎ በካቻቢቴ የሚጎረጉር ስንቱን አይቻለሁ!

ከፍታውንም የሚያስብ የለም። በውስጣቸው አየር ያለባቸው አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጣርማ በርና የመንዝ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ያንን ወሰን ያልፋሉ። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዣው ፋን የሚነፍሰው አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። እንዲህ ባለ ቦታ የሞተውን ዲስክ ነቅሎ፣ አዲሱ እስኪገዛ ድረስ ቀዳዳውን ክፍት መተው ምን ይባላል? አየሩ በዲስኮቹ መካከል ማለፉን ትቶ በክፍቱ ቦታ ይገባል፤ የቀሩትም ይግላሉ።

ግዥውም ያው ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል፤ በዚህም ሳስ የሚባለውን የዲስክ ዓይነት ጠይቀን ሳታ የሚባለው ሌላ ዓይነት ይመጣልናል፣ ወይም ከነበረው ያነሰ መጠን ያለው ይገዛል፤ እሱን ደግሞ ሰርቨሩ አይቀበለውም። ትክክለኛው ከአዲስ አበባ ቢመጣ እንኳ ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ንብረት ክፍል ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰርቨሩ አንድ ዲስክ ጎድሎበት ይሠራል። አንድ ትርፍ ዲስክ አስቀድሞ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማኖር ይህን ያህል ከባድ ነውን?

አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ አደገኛው ሰዓት እንዲያውም ያኔ ይጀምራል። ሪቢዩልድ የሚባለው፣ የጎደለውን መረጃ በአዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ የመጻፍ ሥራ፣ ብዙ ሰዓት፣ ዲስኮቹ ትልልቅ ከሆኑም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ከሞተው ጋር እኩል ያረጁ ናቸው። ለተራ ኮምፒውተር የተሠሩ ብዙ ዲስኮች በአምራቾቻቸው መግለጫ መሠረት በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ባክአፕ (የመረጃው ቅጂ) ሳይወሰድ ዲስክ አልነቅልም የምለው ለዚህ ነው እንጂ ለመለገም አይደለም። መብራት ቢጠፋ የሚደርስልን ዩፒኤስ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የባትሪው መጠየቂያም ፊርማ እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ ሪቢዩልዱ ገና 40 በመቶ ላይ ሳለ «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ፤ አጥፍተህ አስነሳው» ለማለት የምትደውሉልኝ ኃላፊዎች ሆይ፣ በዚያ ሰዓት ስልኬን ባላነሳ ቅር አይበላችሁ።