ውዳሴ ነፃ ጥሪ

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከኋላ ወንበር «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማሻል?» የሚል ጩኸት ስትሰሙ ፊታችሁን አታጨማድዱ። ሥልጣኔ እየተካሄደ ነው። ስልኩ ጆሮ ላይ የለም። እንደ ቁራሽ ዳቦ አፍ አጠገብ በአግድም ተይዟል። ስፒከሩ ተለቋል። ኢሞ ነው። ነፃ ነው።

ድሮ የቤተሰብ ገመና ቤት ውስጥ ይቀር ነበር። እንዴት ያለ ስስት ነው! ዛሬ ሪያድ ያለችው እህት የአክስቷን ልጅ ፍቺ ስታወራ ተሳፋሪው በሙሉ እኩል ይሰማል። ከመገናኛ ተነስተን ቦሌ ሳንደርስ ባልየው ጥፋተኛ መሆኑ ይረጋገጣል። ረዳቱም ሂሳብ እየተቀበለ «እሷም ትንሽ አብዝታዋለች» ይላል። ከዚያ ካሜራው ይዞራል። «እስቲ ሰላም በያቸው!» ትባላለች። የማናውቃት ልጅ እጇን ታወዛውዝልናለች፤ እኛም እናወዛውዛለን። ምን እናድርግ፣ ዘመድ ሆነናል።

የነፃ ጥሪ ዋናው ጥበብ ግን ወሬው አይደለም። ወሬው ላይ ለመድረስ የሚኬደው መንገድ ነው።

«ሃሎ፣ ይሰማሻል?»
«እኔ እሰማሻለሁ። አንቺስ ይሰማሻል?»
«ይቆራረጣል።»
«ቆይ ዘግቼ ልደውል።»
«ቆይ እኔ ልደውል።»

ሁለቱም ይዘጋሉ። ሁለቱም ባንዴ ይደውላሉ። ሁለቱም «ተይዟል» ይባላሉ። ተራው የስልክ ጥሪ ቢሆን ጉዳዩ በደቂቃ አልቆ ነበር፤ ግን እሱ ብር ይቆጥራል። ጠዋት በቴሌብር የተገዛው የዳታ ፓኬጅ ብር መሆኑን የሚያስታውስ ጨዋነት የጎደለው ሰው ደግሞ እስካሁን ታክሲ ውስጥ አላየሁም። ፓኬጁ ሲያልቅ «ዳታዬ ተበላ» ይባላል። ማን በላው? አይታወቅም።

ይህን ሀብት አይተው ምራቃቸው የመጣ መንግሥታት አሉ። ሊባኖስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2019 በዋትስአፕና በመሰሎቹ በሚደረግ ጥሪ ላይ በቀን 20 የአሜሪካ ሳንቲም ሊጣል መሆኑ ተነገረ። በወር እስከ 6 ዶላር ማለት ነው። ሕዝቡ የዚያኑ ዕለት ማታ የቤይሩትን መንገዶች ሞላቸው። መንግሥት በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘ። ሰዉ ግን ከወጣ አይቀር ብሎ ሌላውንም ብሶት ሁሉ ዘረገፈው። ወሩ ሳያልቅ፣ ኦክቶበር 29 ቀን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳድ ሃሪሪ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ዩጋንዳ ይበልጥ ጨከን አለች። ከጁላይ 2018 ጀምሮ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለጥሪ መተግበሪያዎች በቀን 200 ሽልንግ አስከፈለች። ሕዝቡ ምን አደረገ? ክፍያውን የሚያስመልጠውን ቪፒኤን ተማረ። አገር በሞላ ያለ መምህር እንዲህ ሲሠለጥን ደስ ይላል። በ2021 የቀን ክፍያው ቀረና በኢንተርኔት ዳታው ላይ የ12 በመቶ ግብር መጣ። ኤምሬቶች ደግሞ ነገሩን አላካበዱም። የዋትስአፕ ጥሪ ተዘጋ፤ እነ ቦቲም የተባሉ የጥሪ መተግበሪያዎች የሚሠሩበት ጥቅል በወር 50 ዲርሃም ይሸጥ ጀመር። ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን ጠይቋቸው።

እኛም ከማንም አናንስም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎት ነበር። ስካይፕ የከፈተ ሁሉ ደነገጠ፤ መንግሥትም «እናንተን አይደለም» ብሎ አረጋጋ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም እነ ቫይበርና ዋትስአፕን የማስከፈል ሐሳብ እንዳለው ተሰማ። ሐሳብ ሆኖ ቀረ።

ይቅር ግድ የለም። ሰውዬው ለዳታው ከፍሏል። በዘፈን ይጨርሰው፣ በሐሜት ይጨርሰው፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ዳታውን ሸጦለት ለሐሜቱ እንደገና ክፈል ማለት ካንድ በሬ ሁለት ቆዳ መፈለግ ነው። ለነገሩ ትንሽ ያስቆጫል። ከ«ይሰማሻል?» ብቻ የሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ቀለበት መንገድ ባሠራ ነበር።

ደግሞስ ነፃ ነው ያለው ማን ነው? እሁድ ነው። ልጅቷ ከሪያድ ደውላለች። የእማማ ወገብ ተጠየቀ፤ ይመስገን ደህና ነው። የላሟም ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ በኩል ጉሮሮ ይጠረጋል። «እንደው ምን ላስቸግርሽ ብዬ ነው እንጂ…» በቃ፣ ሂሳቡ መጣ። የጣሪያ ቆርቆሮ። የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ። የሰርግ መዋጮ፤ ለዚያውም ለማታውቀው ሙሽራ። ክፍያ ይጣል እያላችሁ ስብሰባ የምትቀመጡ ሰዎች ሆይ፣ ዘግይታችኋል። ቤተሰብ ቀድሟችኋል፤ ታሪፉንም እናንተ በሕልማችሁ አታገኙትም።

ደግነቱ ደዋዮቹም ሠልጥነዋል። «ላስቸግርሽ» የሚለው ቃል ገና ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት ድርቅ ይላል። አፍ እንደተከፈተ፣ ዓይን ሳይርገበገብ። እዚህ ያለው ወንድም ስልኩን እየነቀነቀ «አይ ኔትወርክ!» ይላል። ከልጅቷ ጀርባ ያለው ቬንትሌተር ግን ይዞራል።