የመርተር እቶን ዌልስነትን አዳነ ወይስ አቀለጠ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ መርተር ቲድፊል የዌልስ ትልቋ ከተማ ነበረች። ገበሬው ብረት ሊያቀልጥ ጎረፈባት። ዌልስነቱስ? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ደጋፊ፦ አዳነው እላለሁ። ገጠሩ መሬት ጠቦት ነበር። መርተር ባትኖር ብዙው ሰው በመርከብ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ ቋንቋውም ከልጅ ልጅ አያልፍም ነበር። መርተር ግን በእግር ይደረስባታል። ገበሬው ቋንቋውን፣ ጸሎት ቤቱን፣ የግጥም ውድድሩን ይዞ ገባ። መርተር የገባ ሁሉ ዌልሳዊ ሆነ።

ተቃዋሚ፦ «የገባ ሁሉ»? ወንድሜ፣ አይሪሾቹስ? ረሃብ አባሯቸው መጥተው ከባዱን ሥራ በርካሽ ሠሩ። በ1882 እዚያው ጎረቤት ትሬዲጋር ቤታቸው ተሰባብሮ ተባረሩ። በ1831 የመርተር ሠራተኛ ሲነሳም የጠየቀው ዳቦና ደሞዝ ነው። አገር ማን አነሳ?

ደጋፊ፦ ትሬዲጋር መርተር አይደለችም። 1831ን ካነሱ ግን ዝም አልልም። ዲክ ፔንደሪን የ23 ዓመት ከሰል ቆፋሪ ነበር። ወታደር ወግተሃል ተብሎ ካርዲፍ ላይ ተሰቀለ። የተወጋው ወታደር እንኳ እሱ ነው አላለም። እንደሚነገረው የመጨረሻ ቃሉ «ጌታ ሆይ፣ ይህ በደል ነው» የሚል ነበር፤ በዌልስ ቋንቋ፣ በዌልሽ። በ1847 ደግሞ ዌልሽ የማይሰሙ ሦስት እንግሊዛውያን ትምህርት ቤቶቹን መርምረው ሕዝቡን ምግባረ ብልሹ፣ ቋንቋውን የእድገት እንቅፋት አሉት። ያ ስድብ አገሩን ሁሉ አስቆጣ። በ1868 መርተር ዌልሽ ተናጋሪውን ሄንሪ ሪቻርድን ፓርላማ ላከች። ይህ አገር ማንሳት ካልሆነ ምንድን ነው?

ተቃዋሚ፦ በዚያ ልጅ ሞት እኔም አዝናለሁ። ግን ሰው ሊሞት ሲል በአፍ መፍቻው ካልጮኸ በምን ይጩህ? በ1900 እኮ መርተር ከሁለቱ መቀመጫዎቿ አንዱን ለስኮትላንዳዊው ኪር ሃርዲ ሰጠች። የሠራተኛ ወገን ስለሆነ መረጡት። አሁንም እጠይቃለሁ፦ አይሪሾቹስ?

ደጋፊ፦ የደረሰባቸው ነውር ነው፤ አልሸፋፍንም። «የገባ ሁሉ» ያልኩትንም ትቼዋለሁ። ስኮትላንዳዊ የመረጠ ሕዝብ ግን ዌልስነቱን ለሌላው መዝጊያ አላደረገውም። ስለ አሜሪካው መርከብ ያልኩትንም እስካሁን አልመለሱልኝም።

ተቃዋሚ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለእንደራሴ በር ከፈቱ፤ ጥሩ። መርተር ተወልዶ፣ በዳውላይስ ብረት ፋብሪካ እቶን ፊት አርጅቶ «መጤ» የሚባለው የአይሪሽ ልጅስ በየትኛው በር ይግባ?