ስልኩስ አለን፤ ለሳውንድ ማኑ ማን ይክፈል?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ አገር ውስጥ ፊልም ሲወራ አንድ አንጋፋ እንግዳ ቀርበው ነበር። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እሳቸው ያሉትን የሚሉ ብዙ ናቸው። የዛሬ ወጣት ሰበብ ይወዳል አሉ። ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ በጀት የለም እያለ ያለቅሳል፣ ስፖንሰር ፍለጋ የሰው ቢሮ ያንኳኳል። ማስረጃ ብለው የጠቀሱት «ታንጀሪን» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። በአይፎን ተቀርጾ ሰንዳንስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ገባ፤ እናንተ ምን ጎደላችሁ? አዘጋጁ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ስቱዲዮው አጨበጨበ።

እኔን ያበሸቀኝ ጭብጨባው ነው።

እሺ፣ እሳቸው ከመረጡት እንጀምር። ዳይሬክተሩ ሾን ቤከር «ታንጀሪን»ን በአይፎን 5ኤስ መቅረጹ እውነት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰንዳንስ ላይ መታየቱም እውነት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ማንም ያላነሳው በጀቱን ነው። ወደ 100 ሺህ ዶላር ገደማ! በዛሬ ምንዛሪ ከአሥር ሚሊዮን ብር በላይ። ስልኮቹ ላይ ምስሉን ለሲኒማ የሚያሰፋ ልዩ ሌንስ ተገጥሞባቸዋል። ድምፁ ደግሞ በስልክ አልተቀዳም፤ ባለሙያ በደንበኛ መሣሪያ ነው የቀዳው። ቤከር ራሱ ከዚያ በፊት በርካታ ፊልሞች የሠራ ሰው ነው። ድስት ያለው ሁሉ ወጥ ሠርቷል የሚባል ከሆነ እኛም በስልካችን ሰንዳንስ እንገባለን።

በነገራችን ላይ፣ ስልክ ይበቃል የተባለበት ውይይት ራሱ በሦስት ካሜራ ነው የተቀረጸው። እንግዳው ደረት ላይ ማይክ ተሰክቷል።

«ታንጀሪን» ሲያልቅ «ኤል ማሪያቺ» ይመጣል። ሁሌም ይመጣል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪጌዝ በ7 ሺህ ዶላር ገደማ ይህን ፊልም ሠራ፣ ሆሊውድ ገዛው፣ አለቀ። ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው ሰውነቱን ለመድኃኒት ሙከራ አስረክቦ መሆኑ እንደ ጀግንነት ይነገራል። ማንም ደንግጦ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም። የሆሊውዱ ኩባንያ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ፊልሙን ከገዛው በኋላ ለሲኒማ ቤት ለማብቃት ያወጣው ገንዘብ ከ7 ሺው ብዙ እጥፍ መሆኑም ከተረቱ ተቆርጦ ወጥቷል። ለመሆኑ ያ 7 ሺህ ዶላር የምን ዋጋ ነው? ባብዛኛው የፊልም ጥቅልልና የላብራቶሪ። የሰው ጉልበት ሒሳቡ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ገንዘብ ተሠራ በተባለ ፊልም ሁሉ ቀሪውን ሒሳብ የከፈለ ሰው አለ። ስሙ ፖስተሩ ላይ የለም።

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቀረጻ ቀን እንከተል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኮንትራት የተያዘው ሚኒባስ ሠራተኛውን ከየሰፈሩ ይለቅማል። ሹፌሩን «ፊልሙ ሲሸጥ እንከፍልሃለን» በሉትና ሞተሩን ያስነሳ እንደሆነ እዩ። ቀብድ ካልያዘ አይንቀሳቀስም። ቁርስ ያቀረበችው ባለ ምግብ ቤት ለፉሉም ለፍርፍሩም ሒሳቧን በዕለቱ ትቀበላለች። ጄኔሬተር ያከራየው ሰውዬ ሙሉውን በቅድሚያ ይወስዳል፤ ናፍጣው በእናንተ ነው። ቤቱን ለቀረጻ የሰጠው ዘመድ እንኳ ሦስተኛው ቀን ላይ ፊቱ ይጠቁራል፣ አንድ ነገር ካልተደረገለት በሩ ይቆለፋል። ዘበኛውም የሻይ ይባላል።

ቡም፣ ማለትም ማይክ የተሰቀለበትን ረጅም ዘንግ፣ ይዞ ከጧት እስከ ማታ ክንዱ የሚዝለው ልጅስ? ሜካፕ የምትሠራዋ? ልብስና ዕቃ የምትቆጣጠረው? «ኤክስትራ» ተብለው ፀሐይ ላይ የተደረደሩት? እነሱ «በፍቅር» ነው የሚሠሩት። ለልምድ ነው። ስምህ ይወጣል። ፕሪሚየር ላይ ቀይ ምንጣፍ ትረግጫለሽ። በዚህ አሠራር ቀረጻ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚነካው ፊልም የማይሠራው ሰው ብቻ ነው!

ይህን ስል ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። እኔም ረዳት ሆኜ በእነዚህ ሚኒባሶች ተጭኛለሁ። «ሲሸጥ» የተባለው ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ወጣ፣ ቆይቶ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ፣ ተመልካቹም ብዙ ነበር። ስልክ ስደውል ግን አያነሱም። የተፈረመ ወረቀት የለኝማ። ወንድም ለወንድም ውል ይጻጻፋል እንዴ? እንዲህ ነበር የተባለው።

እነዚህ ልጆች ታዲያ በምን ይኖራሉ? በሠርግ። የአገራችን ፊልም ትልቁ ስፖንሰር ሠርግ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ካሜራ ማኑ፣ ላይት የሚይዘው፣ ኤዲተሩ፣ ሁሉም የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሙሽራ አጅቦ ነው። ስለዚህ ጥር ሲገባ ቀረጻ ይቆማል። ዐቢይ ጾም ሲይዝ ሠርግ ይቀራል፣ ካሜራውም ሰውየውም ነፃ ይሆናሉ፣ ፊልሙ ይቀጥላል። እኔ የማውቃቸው ቀረጻዎች ብዙዎቹ እንዲህ ተቆራርጠው የተሠሩ ናቸው። ዳይሬክተሩ ፕሮግራም የሚያወጣው የሙሽሮችን ቀን እያየ ነው።

ከዚያ ተመልካቹ ይስቃል። በር ሲከፍት ጺም የነበረው ሰውዬ ሳሎን ሲገባ ተላጭቷል። ዋናዋ ተዋናይት በአንድ ምሽት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሹሩባ ተሠርታለች። አንጋፋው እንግዳችንም በዚያው ውይይት ላይ ጥንቃቄ የለም ብለው ተሳለቁ። በሁለቱ ትዕይንቶች መሐል ወራት አልፈዋል እኮ! ተዋናዩ በመሐሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ መብላት ነበረበት። ጺሙን ጠብቆ ይቀመጥ ዘንድ የከፈለው አልነበረም።

ድምፁማ አይነሳ። ሳውንድ ማኑ ከተከፈለው ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ያያል። ጎረቤት ኮንክሪት ሚክሰር እንዳለ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የግቢው ውሻ የት እንደሚታሰር ያጣራል። ካልተከፈለው ቀረጻው ቀን ይመጣል፣ ወይም ሠርግ አግኝቶ ይቀራል። እሱ ሲቀር ማይኩን የሚይዘው አጠገብ የተገኘ ሰው ነው። ውጤቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተዋናዩ በሹክሹክታ ፍቅሩን ሲገልጽ ከጀርባው ወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተባለው የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም በትንሽ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገባ። ሁሌ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ሦስቱ ተዋናዮች በራሳቸው ስም ነው የተወኑት፣ ካሜራውንም ጫካ ለጫካ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። እነዚሁ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ የሚገባን ይከፈለን ብለው በአደባባይ ደብዳቤ ጻፉ። በስልክ ሥሩ ባዮቹ ይህን ደብዳቤ ሲጠቅሱ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ደግሞ «ችግር ጥበብን ይወልዳል» የሚለኝ ይመጣል። አንጋፋውን ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን ይጠራብኛል። እውነት ነው፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ንጉሡ በሚወርዱበት ክረምት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ሳምንታት ተቀርጾ በዓለም ደረጃ የተከበረ ፊልም ነው። ያው ሰው ግን «ጤዛ»ን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ገንዘብ ሲለቅም ኖሯል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የቬኒስ ፌስቲቫል ላይ፣ በ2009 ደግሞ ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲሸለም እኛ ጨፈርን። በእነዚያ ዓመታት ኃይሌ ሊሠራቸው ይችል የነበሩትን ፊልሞች የቆጠረ የለም። ችግር ወለደ የሚሉ ሰዎች ያስወረደውን አይቆጥሩም።

አንድ ነገር ብቻ እሰጣቸዋለሁ። ደካማ ስክሪፕት በገንዘብ አይድንም። እሱን ቁጭ ብሎ ደጋግሞ መጻፍ ብር አይጠይቅም፣ እኛም እንሰንፋለን። ከዚህ ውጭ ምንም አልሰጥም።

ይልቅ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ በተለይ ለሽልማትና ለፌስቲቫል አዘጋጆች። ፎርማችሁ የፊልሙን ርዝመት፣ የዳይሬክተሩን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት ይጠይቃል። ሁለት መስመር ጨምሩበት። ስንት ሰው ሠራበት? ስንቱ ተከፈለው? መልሱንም ከፊልሙ ርዕስ ሥር አትሙት። «በስልክና በፍቅር ሠራሁት» ብሎ መድረክ የሚወጣ ሰው የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የሳውንድ ማኑን ዓይን እያየ ይናገር።