ጉዳዩ ምን እንደሆነ ከርዕሱ ይታወቅ

ስለ ሥራ ደብዳቤ አጻጻፍ ያነበብሁት ጽሑፍ ጸሐፊ ደብዳቤው አጭርና ትሕትና የተሞላበት ይሁን ማለታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ማጠር ብቻውን ግልጽነትን አያመጣም። በየመሥሪያ ቤቱ «ጉዳዩ፡- ትብብር ስለመጠየቅ» ተብሎ ይጻፍና፣ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሚለው የተለመደ ሐረግ ተጀምሮ፣ ዋናው ጥያቄ «ከሠላምታ ጋር» ሊባል አንድ መስመር ሲቀረው ብቅ ይላል፤ ርዕሱ ግን ምንም አልገለጸም! «የ3ኛ ዙር ክፍያ እስከ ጥር 20 ቀን እንዲፈጸም ስለመጠየቅ» ቢባል፣ መዝገብ ቤቱ ዝርዝሩን ሳያነብ ለሚመለከተው ክፍል ይመራው ነበር። እኔም ብሆን ከስሕተት አላመለጥሁም፤ ለአንድ የውጭ አገር አቅራቢ ስብሰባው ጠዋት መሆኑን ሳልገልጽ «በ3 ሰዓት» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌለት፣ እንግዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የሰዓቱንም የቀኑንም አቆጣጠር ሳልጠቅስ መልእክት አልልክም።