ከስድሳ በኋላ የሚጨበጥ ብሩሽ

ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። መጦር ደግሞ አቅሙ የደከመን ሰው ማብላት፣ ማልበስና መደገፍ ስለሆነ፣ ጡረታ ወጣ የተባለ ሰው በቋንቋችን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደረግለት እንጂ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ቃሉን ከደመወዜ ላይ በየወሩ ሲቆረጥ ለ34 ዓመታት ሳነበው ኖሬ ትርጉሙን ያሰብኩበት ግን 60 ዓመት ሞልቶኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት አስረክቤ፣ ክሊራንስ አስፈርሜ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ሥራዬ የመንገድ ንድፍ ነበር። መሐንዲሶች ያሰሉትን ኩርባ፣ ዳገትና የውሃ መውረጃ ትሬሲንግ በሚባለው ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ ራፒዶግራፍ በተባለ የንድፍ ብዕር ማስፈር፣ በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ያንኑ በስክሪን ላይ መሥራት። የጡረታ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ እየጨመረ ስለሚያሰላ፣ ለእኔ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዜ 60 በመቶ ተወሰነልኝ። ሕጉ ገንዘቡን እንዲህ እስከ ነጥብ ድረስ ይደነግጋል። ለቀረው ጊዜ የሚያስበው ጎረቤት ነው፤ እሱም ውሳኔውን ቀድሞ ጨርሶት ይጠብቃል፦ የዕድር ሊቀ መንበርነት፣ ሽምግልና፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጅ መያዝ። አንዱንም አልንቅም፤ ሁለቱን እኔም እሠራቸዋለሁ። የምቃወመው ዝርዝሩ እዚያ ላይ ማለቁን ነው።

ሴት ልጃችን በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለተኛ ልጇን በወለደች ጊዜ ባለቤቴ ልታርሳት፣ እኔም ለአጃቢነት ያህል በጥቅምት ወር አብረን ሄድን። ልጆቹን አሜሪካ የጠየቀ ወላጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ አገር የእንግድነት ኑሮ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ሌላ መልክ ይይዛል። ልጆች በማለዳ ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ መኪና አትነዳም፤ ቋንቋውን ብትችል እንኳ የምታናግረው ሰው የለም፤ የአገር ቤቱን ወሬ በዩቲዩብ ተከታትለህ ስትጨርስ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆነህ የመኪና ማቆሚያውን ትቆጥራለህ። ልጆቻችን ይህን በክፋት አያደርጉትም። ወላጅን ማሳረፍ ማለት ምንም እንዳይሠራ ማድረግ ነው ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

የኅዳሩ የምስጋና በዓል ሲደርስ ወንዱ ልጃችን ከዳላስ መጣና ሁሉም ፈቃድ ወስደው አንድ ሳምንት ቤተሰቡ ተሰባሰበ። የሳምንቱ ዕቅድ በአብዛኛው ገበያ ነበር፤ ለአገር ቤት ዘመድ የሚላክ ጫማና ጃኬት። አንዱን ቀን ግን ዝናብ አበላሸውና በቀዩ መስመር ባቡር ሳንቀይር ወደ ዋሽንግተን መሐል ወርደን የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባን። መግቢያው በነፃ መሆኑ ለጡረተኛ ልብ ደስ ይላል። ሕንፃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለፈጠራ ባለቤትነት መሥሪያ ቤት የተሠራ መሆኑን ስሰማ ደግሞ፣ ስንት የንድፍ ወረቀት በዚህ ደጅ ገብቶ ይሆን እያልኩ ከሥዕሎቹ በፊት ምሰሶዎቹን ሳይ ቆየሁ።

ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሸራ ፊት ለፊት ቆምኩ። የጣት ስፋት ያላቸው የቀለም ጠብታዎች እንደ ጡብ ተደርድረው በመካከላቸው ነጭ ይታያል፤ አንዱም መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ አንዱም ግን ከቦታው የወጣ አይመስልም። ዕድሜውን ሁሉ ከማስመሪያ ጋር ለኖረ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ልጄ ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበችና «አባዬ፣ ይህቺ ሴትዮ እኮ እንዳንተ ጡረተኛ ነበረች» አለችኝ።

ሴትዮዋ አልማ ቶማስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1891 በጆርጂያ ተወልዳ፣ በ1924 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል የመጀመሪያዋ ተመራቂ ሆና፣ ከዚያ በዋሽንግተኑ የሾው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ35 ዓመታት የሥዕል መምህርት ነበረች። በ1960 ጡረታ ስትወጣ 68 ዓመቷ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም እጇን ይዟት መሳሉን ልትተወው ደርሳ ነበር። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1966 ሥራዎቿን በአንድነት ሊያሳይላት ሲዘጋጅ ግን ከዚያ በፊት ያልሠራችውን ዓይነት ሥዕል ማቅረብ ፈለገች፤ ከቤቷ መስኮት ቅጠሎቹ ሲወዛወዙ የምታየውን ዛፍ ይዛ አሁን የምትታወቅበትን አሣሣል አገኘች። በ1972 በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻዋ ያሳየች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን 80 ዓመት ሞልቷት ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አለ። ሾው ማለት ክትፎና ሽሮ ፍለጋ ከየአቅጣጫው የሚመጣበት፣ የአማርኛ ማስታወቂያ የተሰቀለበት 9ኛ ጎዳና ያለበት ሰፈር ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ በእግር የሚደረስ ሲሆን፣ የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2001 ያስተማረው እዚያ ነው። ያን ዕለት ማታ ልጆቼ ራት ሊጋብዙኝ እዚያው ሰፈር ወስደውኝ ነበርና፣ እንጀራውን እየቆረስኩ ሐሳቤ ለ35 ዓመታት በዚህ መንገድ ወደ ክፍል ስትመላለስ በኖረችው መምህርት ላይ ነበር።

የአልማ ቶማስን ታሪክ እንደ ተአምር የሚተርኩ ሰዎች ግን ይጎዱናል ብዬ አምናለሁ። ከጡረታዋ በፊት በነበሩት ዓመታት ከማስተማሩ በተረፋት ሰዓት በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሥዕል ትማር ነበር። በ60ዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ ያገኘችው ሙሉ ቀን እንጂ ድንገተኛ ችሎታ አልነበረም። ጡረታ ለእሷ የሰጣት ይህን ነው፤ እኛም አገር ለብዙ ሰው ይሰጠዋል፤ እኛ ግን ሙሉውን ቀን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» በሚል ስም እንጠራዋለን። ጊዜው እያጠረበት ያለውን ሰው ጊዜ አሳልፍ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

በታኅሣሥ ልጄ በሰፈራቸው ማዕከል ለአዛውንት በሚሰጥ የውሃ ቀለም ትምህርት አስመዘገበችኝ፤ የአውቶቡሱንም ካርድ ሰጠችኝ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደጠቀመኝ ዛሬም አላውቅም። ብቻዬን ወጥቼ፣ ብቻዬን ወርጄ፣ ከማላውቃቸው ሰባት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥኩ። መምህርቷ የመጀመሪያ ሥራዬን አይታ በሚቀጥለው ሳምንት ማስመሪያውን ቤት ትቼው እንድመጣ በትሕትና ነገረችኝ። በትሬሲንግ ወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ተፍቆ ይነሣል፤ እኛ ድራፍትስማኖች ምላጭ ከኪሳችን አይጠፋም ነበር። በውሃ ቀለም ግን ብርሃኑ ራሱ ወረቀቱ ስለሆነ፣ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ ብሩሹ ከመንካቱ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንዴ ካለፉት አይመለስም። ስድስት ወረቀት አበላሸሁ። በሰባተኛው አንድ የዛፍ ግንድ ወጣልኝና እንደ ልጅ ለባለቤቴ ላሳያት ሮጥኩ።

እሷም አየችውና «አንተ ሥዕል ትስላለህ፤ እኔ ዳይፐር እቀይራለሁ» አለችኝ።

ይህን አስተያየት ስጽፍ አልፌው ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የጉዳዩ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። የቤተሰብ ዕረፍት ያልነው ጉዞ ለእኔ ዕረፍት፣ ለእሷ ግን የሥራ ዝውውር ነበር። ገንፎ ስታገነፋ፣ አራስ ስትጠብቅ፣ ሌሊት ከሕፃኑ ጋር ስትነሣ፣ ቀን ደግሞ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትቀበል አምስት ወር አለፈ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን «በቃህ» ተብያለሁ፤ ለእሷ ይህን ቃል የተናገረ አካል የለም። በውጭ ያሉ ልጆቻችን የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጡልን፣ የትኬቱ ዋጋ በእናታቸው ጉልበት እንደሚመለስ ሳያስቡት ይቀራሉ። እናትም ደስ ብሏት ስለምታደርገው ሒሳቡ አይነሣም። ዕረፍት ነው ከተባለ ግን ከሳምንቱ ሁለት ከሰዓት በኋላዎች የእሷ ብቻ መሆን ነበረባቸው፤ ይህን ማመቻቸት የልጆቼ ብቻ ሳይሆን የእኔም ፋንታ ነበር፤ አላደረግሁትም።

በመጋቢት ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከጫማዎቹ መካከል ሁለት ጥራዝ የውሃ ቀለም ወረቀት ነበር። እሱን እየቆጠብኩ ፒያሳን መሳል ያዝኩ፤ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን፣ ሰገነቱ የእንጨት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነውን ፒያሳ። መፍረሱ ይገባ ነበር አይገባም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየኝ። እኔን የገረመኝ የበሮቹን ከፍታ፣ የደረጃዎቹን ቁጥርና ውሃ የሚያቁረውን ጥግ ጭምር ማስታወሴ ነው። ከአንድ ወጣት ሠዓሊ ጋር በእጅ ጥበብ ልወዳደር አልችልም፤ እሱ ግን ያላየውን ደረጃ ሊቆጥር አይችልም።

ጎረቤቶቼ በመጀመሪያ ልጆቹ ለሽያጭ የላኩት ሥዕል መስሏቸው ዋጋ ጠየቁኝ። ራሴ የሳልኩት መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ፣ የሚል ዝምታ መጣ። ይህ ዝምታ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምክንያቱም የአገራችን ልማድ ሽማግሌን ከፈጠራ አያግድም። የቅኔ መምህር የሚከበረው ሲሸመግል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ ሁለቱን የመጨረሻ ልቦለዶቻቸውንና የትዝታ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ከ70 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። የእኛ ትውልድ ጡረተኛ ግን ፈጠራ የተማሩ ደራሲያን ወይም የወጣቶች ድርሻ ነው ብሎ አምኗል፤ ከተማውም በዚያው ልክ ተሠርቷል። በሰፈሬ ያለው የወጣት ማዕከል ጠዋት ጠዋት ባዶውን ይውላል። ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ያለውን ጊዜ ለአዛውንት ቢከፍተው፣ ጠረጴዛና ውሃ ብቻ ቢሰጥ፣ የሚያስተምረው ሰው ከራሳቸው ከጡረተኞቹ መካከል አይታጣም፤ ስንት የሥዕል፣ የሙዚቃና የእጅ ሥራ መምህር በየቤቱ ተቀምጧል። ለወረዳው በቃል አቅርቤዋለሁ፤ በጽሑፍ አምጣ ተብያለሁ፤ አምጥቻለሁ።

ገንዘብ የሌለው ጡረተኛ ስለ ብሩሽ ምን ያስባል የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም የምኖረው በዚያው በ60 በመቶው ነው፤ የኑሮው ውድነትም አልራራልኝም። የውጭ ወረቀቱ ካለቀ ወዲህ የምስለው መርካቶ በሚገኘው ተራ ካርቶን ላይ ነው፤ ቀለሙን ይመጥጠዋል፤ ፒያሳም ከበፊቱ ጠቆር ብላ ትወጣለች። እንዲያውም ይበልጥ ራሷን መስላለች የሚሉኝ አሉ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ሾላ ገበያ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የምትፈልገው ሽንኩርት አልነበረም። ስንደዶና አክርማ መርጣ፣ በጣቷ እየሰበረች አይታ፣ ተከራክራ ገዛች። በ17 ዓመቷ ስትዳር በእናቷ ቤት ጀምራ የተወችው የመሶብ ክዳን ነበር፤ ክዳኑ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ሐረጉ ግን በእጇ ላይ ነው፤ ከመሐል ጀምራ ስትዞር ቆም ብላ አታስብም። ለሦስተኛው ቀለም ከቀይ ቀጥሎ ምን ይሁን ብላ ጠየቀችኝና አረንጓዴ አልኳት፤ ሳቀችብኝና ሐምራዊ አደረገችው፤ ልክ ነበረች። ችግራችን አሁን ሌላ ነው። ለዓይናችን የሚበቃ ብርሃን ያለው በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚገባው አንድ ወንበር ነው። ጠዋት የእሷ፣ ከሰዓት በኋላ የእኔ እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ እሷ ግን ምሳ ከበላን በኋላም አልተነሣችም።